የንባብ ክፍሉ ፋይከስ፦ ቅጠሉን ያራገፈ አንድ የቤት ውስጥ ዛፍ የጉዳይ ጥናት

የንባብ ክፍሉ ኃላፊ የደወሉልኝ ዛፉ ከቦታው ከተነሣ በአምስተኛው ሳምንት ነበር። «በየጠዋቱ ቅጠል እየጠረግን ነው። ውሃ አልከለከልነውም፤ ምን እንደጎደለበት ግን ልናውቅ አልቻልንም» አሉኝ። ሲያነጋግሩኝ ከጀርባቸው የመጥረጊያው ድምፅ ይሰማ ነበር። ዛፉ ፋይከስ ቤንጃሚና ነው፤ ሦስት ቀጫጭን ግንዶቹ ገና ችግኝ ሳሉ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው አብረው የወፈሩ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር የደረሰ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ 11 ዓመት የኖረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተንከባከቡት እኒሁ ኃላፊ ናቸው፤ ታሞባቸውም አያውቅም።

ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ዛፍ ላይ የደረሰው ነገር ፋይከስ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ በየጊዜው ስለሚደርስ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የቤት ውስጥ ተክሎችን መንከባከብ ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ጉብኝቴ ከችግሩ ግማሹን ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ፤ በእኔ ጉድለትም ዛፉ ዘጠኝ ተጨማሪ ቀናት ተጎድቷል። ይህንን ሳልደብቅ ብጽፈው ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የዛፉ ጠባይ

ፋይከስ ቤንጃሚና ዋርካና ሾላ ከሚገኙበት የፋይከስ ወገን የሚመደብ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው ካርል ሊኔየስ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1767 ነበር። በተፈጥሮ የሚበቅለው ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜናዊ አውስትራሊያ ባለው ምድር ነው፤ በዚያም እስከ 30 ሜትር ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ወፎች በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከጣሉት ዘር ይበቅልና፣ ሥሩን ወደ መሬት እያወረደ፣ ራሱን ወደ ፀሐይ እያወጣ ያድጋል። እንግዲህ በየክፍሉ ጥግ የምናቆመው ይህ ተክል በትውልዱ የፀሐይ ዛፍ ነው። ጥላን ይችላል እንጂ አይወድም፤ የሚችለውም ቀስ በቀስ እንዲለምደው ጊዜ ሲሰጠው ነው።

ቅጠሉ በምን ዓይነት ብርሃን እንደተሠራ ማወቅ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። በጠንካራ ብርሃን የተሠራ ቅጠል ወፈር፣ አነስ ይላል፤ በደብዛዛ ብርሃን የተሠራው ደግሞ ሳሳ፣ ሰፋ ይልና አረንጓዴነቱ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የጠነከረ ቅጠል ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ዛፉ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ፣ የቀድሞ ቅጠሎቹ ከሚያመርቱት ይልቅ የሚፈጁት ስለሚበልጥ፣ ዕዳ የሆኑበትን ጥሎ ለአዲሱ ብርሃን የሚስማሙ ሌሎች ለመሥራት ይገደዳል። አጣጣሉም ሥርዓት አለው። ከቅጠሉ ወደ ቅርንጫፉ ይፈስ የነበረው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ በቅጠሉ አንገት ሥር ያለው ስስ የሕዋሳት ንጣፍ ተክሉ ራሱ ለሚያመነጨው ኤቲሊን ለተባለው ጋዝ ይበልጥ ስሱ ይሆናል፤ ከዚያም ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያያዘው ነገር ይሟሟና፣ የአላፊ አግዳሚ ትከሻ ሲነካው እንኳን ቅጠሉ ይወርዳል።

በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአፖፕካ የምርምር ማዕከል የሠሩት ኮኖቨርና ፑል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ዝርያ አጥንተው፣ ዛፉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በጥላ ሥር እንዲቆይና ማዳበሪያውም እንዲቀነስለት ቢደረግ፣ ቤት ከገባ በኋላ የሚያረግፈው ቅጠል በእጅጉ እንደሚያንስ አሳይተዋል። አሳዳጊዎች ዛሬ ዛፉን ከመሸጣቸው በፊት ጥላ የሚያለማምዱት ከዚህ በመነሣት ነው።

ፋይከስ «አኩራፊ» ነው ይባላል። ስሙ እንዴት እንደወጣለት ይገባኛል፤ ሆኖም ኩርፊያ የምንለው ነገር ዛፉ ገቢውንና ወጪውን ለማመጣጠን የሚያደርገው ሒሳብ መሆኑን ካላወቅን፣ ልናባብለው ስንሞክር እንገድለዋለን። በንባብ ክፍሉም ሊሆን የነበረው ይኸው ነው።

በአምስቱ ሳምንታት የሆነው

ክፍሉ ውስጥ አዳዲስ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ሲተከሉ፣ ዛፉ ከትልቁ መስኮት ሥር ተነሥቶ ከመስኮቱ ስድስት ሜትር ያህል ወደሚርቅ ጥግ ሄደ። በአራተኛው ቀን ቅጠል መርገፍ ጀመረ። ኃላፊዋ ጥጉ ጨለማ መሆኑን ጠርጥረው በሩ አጠገብ አስቀመጡት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ሲመታው አይተው ወደ መሐል አመጡት፤ መሐል ላይ ለአንባቢዎች መተላለፊያ ስላሳጣ እንደገና ወደ ጥጉ መለሱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ዛፉ ለአንዱ ቦታ መዘጋጀት ሲጀምር ሌላ ቦታ ይጠብቀዋል።

በዚህ መካከል የረገፈውን ቅጠል ያየ ሁሉ ዛፉ የተጠማ መሰለው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ያጠጡታል፤ ከቀትር በኋላ ኃላፊዋ፤ ማታ ደግሞ የጥበቃው ሠራተኛ ከመቆለፋቸው በፊት አንድ ጆግ ያፈስሱለታል። አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ፈሳሽ ማዳበሪያ ተጨመረለት። ይህን ሁሉ ያደረጉት ዛፉን ስለሚወዱት ነው፤ አንዳቸውንም ልወቅስ አልፈልግም፤ የሚደርቅ ነገር አይቶ ውሃ ማንሣት የማንም ሰው ደመ ነፍስ ነው።

የመጀመሪያው ጉብኝት

ስደርስ በመጀመሪያ ያደረግሁት ከወለሉ የተጠረጉትን ቅጠሎች በሁለት ክምር መለየት ነበር። የሚበዙት አረንጓዴ እንደሆኑ የወደቁ ናቸው፤ ይህ ዛፉ ድንገተኛ ለውጥ እንደደረሰበት ያሳያል። ቢጫዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ከዛፉ ውስጠኛና ታችኛ ክፍል የወረዱ ናቸው፤ እነዚህ ወይ የብርሃን ማነስ ወይ የውሃ መብዛት ምልክት ይሆናሉ። የቅጠሎቹን ጀርባ በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ ስስ ድር፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ቅርፊት መስሎ የተለጠፈ ተባይ አልነበረም። ከዚያ የየቅርንጫፉን ልጥ በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫር ጫር አደረግሁ። ከሁለቱ ግንዶች በወጡት ላይ ከልጡ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ታየ፤ ነጩ ወተትም ወዲያው ጠብ አለ። ከሦስተኛው ግንድ ላይኛ ቅርንጫፎች ግን ደረቅ ቡናማ እንጨት እንጂ ሌላ ነገር አልወጣም።

ብርሃኑን የብርሃን መለኪያ አሃድ በሆነው በሉክስ ለካሁ። በእኩለ ቀን በቀድሞው ቦታ 4,500 ሉክስ፣ በጥጉ ደግሞ 180 ሉክስ ሆነ። የሰው ዓይን ለብርሃን ራሱን ስለሚያስተካክል ሁለቱ ቦታዎች ለእኛ ብዙ የሚለያዩ አይመስሉም፤ ለዛፉ ግን ከቀድሞ ሲሳዩ ከሃያ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው የቀረለት። የቀድሞው ቦታ በመደርደሪያ ስለተያዘ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚገባበት ሌላ መስኮት አንድ ሜትር ያህል ርቀን አዲስ ቦታ መረጥን፤ እዚያ መለኪያው 2,000 ሉክስ አካባቢ ያሳይ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያላስጠጋሁት፣ ቅጠሉ ሲራገፍ የተጋለጡት ቅርንጫፎች በቀጥታ ፀሐይ እንዳይቃጠሉ ሰግቼ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው አደራ አልሁ።

ስህተቴ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጣቴን እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አስገብቼ እርጥበቱን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ አፈሩ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይሰጠው ነግሬ ወጣሁ። ዛፉ የተተከለበት የፕላስቲክ መትከያ በትልቅና በከባድ የጌጥ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በጸጥታ በሚያነቡት ሰዎች መካከል ያንን ከባድ ነገር ማንሣት ይረብሻል ብዬ ሥሩን ሳላይ ተውሁት። የብርሃኑ ልዩነት ጉልህ ስለነበረ ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝና ፍለጋዬን አቆምሁ።

በማሰሮው ውስጥ የተገኘው

በዘጠነኛው ቀን ስመለስ በቀን ወደ 30 የሚጠጉ ቅጠሎች አሁንም ይረግፉ ነበር። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የቀሩት ቅጠሎች መጠውለግ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልጠጣው አፈር ገና እርጥብ ሳለ ቅጠሉ እንደተጠማ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ጎንበስ ስል የረግረግ ሽታ ሸተተኝ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን የፕላስቲኩን መትከያ ስናነሣ፣ በጌጡ ማሰሮ ታች 7 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ውሃ ተኝቶ አገኘነው። ማሰሮው ቀዳዳ የለውም። «እዚህ ውስጥ ነበር ለካ!» አሉ ሴትዮዋ፤ ወዲያውም ስንት ጆግ እንዳፈሰሱ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

ኃላፊዋ ግን አንድ ትክክለኛ ጥያቄ አነሡ። «ማሰሮው 11 ዓመት ያው ነው፤ እስከ ዛሬ ለምን አልጎዳውም?» መልሱ የጉዳዩ ሁሉ ፍሬ ነገር ስለሆነ በሰፊው ላስረዳ። ዛፍ ከአፈር የሚስበው ውሃ አብዛኛው በቅጠሎቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ የሚተን ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚከፍታቸው ደግሞ በዋነኛነት ብርሃን ነው። በ4,500 ሉክስ ሥር ሙሉ ቅጠል የለበሰው ዛፍ የሚሰጠውን ሁሉ ይጠጣ ስለነበር ወደ ማሰሮው ታች የሚወርደው ጥቂት ነበር፤ እሱንም በቀናት ውስጥ መልሶ ይስበዋል። ጥጉ ውስጥ ሲገባ መጠጣቱ ቀነሰ። ቅጠሉ ሲረግፍ የሚጠጣበት አፍ ጠፋና ይበልጥ ቀነሰ። ይሁንና የሚሰጠው ውሃ በዚያው ልክ በመቀነስ ፈንታ ሦስት እጥፍ ሆነ። በአየር ፈንታ በውሃ በተሞላ አፈር ውስጥ ሥር መተንፈስ አይችልም፤ ታፍኖ ሲሞት እንደ ፒቲየም ያሉ፣ እርጥበት የሚወዱ ሥር አበስባሽ ጥቃቅን ሕዋሳት ይወርሩታል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ ሊስብ ስለማይችልም ዛፉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ያን መጠውለግ ያየ ሰው ዳግመኛ ጆግ ያነሣል። እንግዲህ የብርሃኑና የውሃው ችግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም፤ ትናንት ልክ የነበረውን ውሃ ዛሬ ጎርፍ ያደረገው የቦታው መለወጥ ነው።

የተጨነቀ ፋይከስን አፈር መቀየር ብዙ ጊዜ የምቃወመው ነገር ነው፤ ሥሩ ሲነካ ለሁለተኛ ጊዜ ያራግፋልና። እዚህ ግን ምርጫ አልነበረም። የዛፉን ሥር ከነአፈሩ አውጥተን በለብታ ውሃ ስናጥበው፣ ጤነኛው ሥር ጠንካራና ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ታየ፤ ከሥሩ ሲሶ ያህሉ ግን ጠቁሮ ነበር፤ ያዝ አድርጌ ስስበው ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ተላቅቆ በእጄ ቀረና ከውስጡ ክር የመሰለው ብቻ ተረፈ። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆረጥሁ። ከላይም የደረቁትን ቅርንጫፎች አረንጓዴው እስኪታይ ድረስ አስወገድሁ፤ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ60 ወረደ።

በዚህ ሥራ ላይ ጓንት ማድረግ ግድ ነው። ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ላቴክስ ቆዳን ያሳክካል፤ በአንዳንድ ሰዎችም ላይ የመተንፈሻ አለርጂ ያስከትላል። ድመት ወይም ውሻ ባለበት ቤትም ቅጠሉን እንዳያኝኩት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቀድሞው መትከያ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በ32 ሳንቲ ሜትር ተካሁት። ሥሩ ያነሰን ዛፍ በሰፊ መትከያ መተው ማንም የማይጠጣው እርጥብ አፈር ማስታቀፍ ነውና። አፈሩን ፐርላይት በተባለው ቀላል ነጭ ጠጠርና በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ አላልቼ፣ ማዳበሪያ ሳልጨምር፣ አንድ ጊዜ አጠጥቼ ውሃው በቀዳዳዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጠበቅሁ። የጌጡ ማሰሮ እንዲነሣ ተደረገ።

ሚዛኑ

ጣት ያታልላል፤ የላይኛው አፈር ሲደርቅ የታችኛው ረግረግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መትከያውን በሚዛን ላይ አቆምነው። ገና እንደጠጣ 16.5 ኪሎ ግራም መዘነ፤ 13 ኪሎ ግራም እስኪደርስ ድረስ ውሃ እንዳይሰጠውም ተስማማን። የሚያጠጡት ኃላፊዋ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ።

የጥበቃው ሠራተኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ውሳኔው አላስደሰታቸውም። «እንዲህ ራቁቱን ቆሞ እያየሁት ዝም ብዬ ልለፈው?» አሉኝ።

«ዝም ብለው አይለፉት፣ አባባ። ማታ ማታ ክብደቱን እርስዎ ይጻፉልኝ» አልኋቸው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ክብደቱን፣ የረገፈውን ቅጠል ቁጥር በየማታው በጥንቃቄ ይጽፋሉ፤ እዚህ የማቀርበው ቁጥርም ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው። መዝገቡ ለሥራው ከሰጠው ጥቅም ሌላ፣ እጃቸው የሚያርፍበት ነገር ሰጥቷቸዋል ብዬ አስባለሁ፤ ለፋይከስ መታገሥ ከማጠጣት በጣም ይከብዳልና።

መርገፉ በአንድ ጊዜ አልቆመም። ሥሩ ከተነካ በኋላ በነበሩት አሥር ቀናት በቀን እስከ 35 ደረሰ፤ ኃላፊዋም ሁለት ጊዜ ደውለው ወደ ሌላ መስኮት እናዛውረው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንዳይነካ ለመንኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ 8፣ በአምስተኛው ወደ 2 ወረደ። የመጀመሪያው መጠጥ 13 ኪሎ ግራም ለመድረስ 19 ቀን ፈጀ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ዛፉ ከሚያስፈልገው በላይ ውሃ ነበረው ማለት ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ከመካከለኛው ግንድ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ የሾለ እምቡጥ አየን። የፋይከስ ቅጠል ሲወለድ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፤ ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ወደ ታች ይወድቅና በቅርንጫፉ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ይተዋል። ከውስጡ የወጣው ቅጠል ዘይት የተቀባ ያህል ያብረቀርቅ ነበር፤ ሲጠነክርም ከአሮጌዎቹ ጎን አድርገን ስናየው ሳሳ፣ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኘነው። የተሠራው ለ2,000 ሉክስ ነው፤ ለዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ቅጠል ይህ ነበር።

በአራተኛው ወር፣ አዳዲስ ቅጠሎች ከየጫፉ መውጣታቸውን ካየን በኋላ ብቻ፣ ማዳበሪያ በመደበኛው መጠን ግማሽ ጀመርን። በስድስተኛው ወር አየሩ ደርቆ ስለነበር ስፓይደር ማይት የተባለው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን ተባይ ገባበት፤ የቅጠሎቹ ፊት በመርፌ እንደተወጋ ነጠብጣብ ሆነ። የቅጠሎቹን ጀርባ በሳምንት ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን በአንድ ወር አስወገድነው፤ መርጨት አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደብተሩ ይናገራል። ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ሁለቱ መጠጦች እየተቀራረቡ ሄዱ፤ 19 ቀን የነበረው በአምስተኛው ወር 12፣ በአሥረኛው 7 ቀን ሆነ። ውሃው እንዲጨምር የወሰነ ሰው የለም፤ ዛፉ ራሱ በሚዛኑ ላይ እየጠየቀ ነው የተጨመረለት።

ይህን ስጽፍ አሥራ አራተኛው ወር ነው። ዛፉ ከዚያው መስኮት አንድ ሜትር ርቆ ቆሟል፤ ወደ ክፍሉ የዞረው ጎኑ ግን ከመስኮቱ በኩል ካለው አሁንም ይሳሳል። ሦስተኛው ግንድ አልዳነም። ላዩን ቆርጠን አወረድነው፤ የታችኛውን ክፍል ግን ሁለቱ ሕያዋን ግንዶች በ11 ዓመት ውስጥ አጥብቀው ስላቀፉት፣ ለማውጣት ቢሞከር የእነሱ ልጥ አብሮ ይላጣል። ስለዚህ እዚያው በጉንጉኑ ውስጥ ተውነው፤ ደርቆ ግራጫ ሆኗል፤ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ እየወፈሩ እየሸፈኑት ነው።